በሰው አገር እንግሊዝኛ ማስተማር

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ያለፈ ሰው የሚያውቀው አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለ። ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ እህት ሲተላለፍ የኖረ፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ የተገነጠሉ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ «ኤ. ኤስ. ሆርንቢ» የሚል ስም ሰፍሯል። ሆርንቢ ዕድሜውን ሙሉ ኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቃላት ሲለቅም የኖረ ሊቅ የሚመስለው ብዙ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ በሰው አገር እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ነበር፤ መዝገበ ቃላቱም የተወለደው እንግሊዝ ሳይሆን ጃፓን ውስጥ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆርንቢ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ኪዩሹ በተባለችው ደቡባዊት የጃፓን ደሴት፣ ኦኢታ ከተማ በሚገኝ የንግድ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። የተቀጠረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እንዲያስተምር ነበር። ክፍል ሲገባ ግን ተማሪዎቹ የሚያስፈልጋቸው ሥነ ጽሑፍ ሳይሆን ቋንቋው ራሱ መሆኑን አየ። ቃሉን ያውቁታል፤ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ግን ይቸገራሉ። ውሉ ያዘዘውን አስተምሮ ደመወዙን እየተቀበለ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን የተማሪዎቹን ችግር የራሱ ጥያቄ አድርጎ ያዘው። ከእርሱ ቀድሞ በ1922 በጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ተጋብዞ የመጣው ሃሮልድ ፓልመር ቶኪዮ ላይ የእንግሊዝኛ ማስተማር ምርምር ተቋም አቋቁሞ ስለነበር፣ ሆርንቢም ከእርሱ ጋር መሥራት ጀመረ።

ከዚያ ሥራ የተገኘው ነገር ዛሬም በእጃችን አለ። ከስም አጠገብ የምትቀመጠው ሲ ወይም ዩ የምትባል ፊደል ስሙ የሚቆጠር ወይም የማይቆጠር መሆኑን ትናገራለች። ከግስ አጠገብ ያለው ምልክት ደግሞ ከግሱ ቀጥሎ ምን ዓይነት ቃል እንደሚመጣ ያሳያል። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው እነዚህን ምልክቶች አይፈልጋቸውም፤ የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን ሳያስብ ይለያልና። ምልክቶቹ የተማሪ ስሕተት ለጠየቀው ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ሆርንቢ ከጌትንቢና ከዌክፊልድ ጋር ያዘጋጀው ይህ ሥራ በ1942 ቶኪዮ ላይ ካይታኩሻ በተባለ የጃፓን አሳታሚ ታተመ። ጃፓንና ብሪታንያ በጦርነት ላይ ነበሩ፤ ሆርንቢም እንደ ጠላት አገር ዜጋ ታስሮ ከቆየ በኋላ በዚያው ዓመት በልውውጥ ከጃፓን ወጥቷል። ኦክስፎርድ መጽሐፉን በራሱ ስም ያወጣው በ1948 ነው።

በሰው አገር እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ስለ ሙያቸው ያላቸውን አመለካከት ለማስረዳት ከሆርንቢ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ በመላው ዓለም የተሰማራው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ቶኪዮ፣ ሴኡል፣ ሪያድ፣ ዋርሶ፣ ሃኖይ፣ የት የለም? «አንተ ባለሙያ ነህ ወይ?» ብትለው ግን አንዱ ሰርተፍኬቱን፣ ሌላው የዓመታት ልምዱን ይጠቅስልሃል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይሄ ሥራ እኮ ለጊዜው ነው» ይልሃል። እንዲህ ያለው መልስ ከሐኪም ወይም ከጠበቃ አይሰማም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

የንግዱ መንገድ

ማክሲሚሊያን በርሊትዝ የተባለ አውሮፓዊ ስደተኛ በ1878 በአሜሪካዋ ፕሮቪደንስ ከተማ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈተ። እንደሚተረከው፣ ፈረንሳይኛ እንዲያስተምርለት የቀጠረው ሰው እንግሊዝኛ ጨርሶ አይችልም ነበር። በርሊትዝ ታሞ ሰንብቶ ሲመለስ ግን ተማሪዎቹ ከአዲሱ መምህር ጋር በፈረንሳይኛ ሲነጋገሩ አገኛቸው። ከዚህ ተነሥቶ መምህሩ በሚያስተምረው ቋንቋ ብቻ እንዲናገር፣ የተማሪውን ቋንቋ ክፍል ውስጥ እንዳያስገባ ደንብ አወጣ። ለተማሪው ጥሩ ነበር፤ ሰው ቋንቋን የሚለምደው እየሰማና እየተናገረ ነውና። ለባለ ድርጅቱም ሌላ ምቾት ፈጠረለት። መጽሐፉና ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ስለሚዘጋጅ፣ የሚያስፈልገው ቋንቋውን በልጅነቱ የተናገረ ሰው ብቻ ሆነ። አንዱ ቢሄድ ሌላው ይተካል።

ከተተኩት አንዱ ጄምስ ጆይስ ነው። በኋላ «ዩሊሲስ»ን የጻፈው ይህ አየርላንዳዊ በ1904፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ፖላ በተባለች የአድርያቲክ ወደብ በሚገኝ የበርሊትዝ ትምህርት ቤት የኦስትሮ-ሃንጋሪ የባሕር ኃይል መኮንኖችን ማስተማር ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ወደ ትሪየስቴ ተዛወረ። ሥራውን ይዞት የነበረው እንጀራ ለማግኘት ብቻ ነበር። በኋላ በግል ካስተማራቸው መካከል ኤቶሬ ሽሚትዝ የሚባል ነጋዴ ይገኛል። ሽሚትዝ ድሮ ልብ ወለዶች ጽፎ ማንም ዞር ብሎ ስላላየለት ብዕሩን ወደ ማኖሩ ደርሶ ነበር። ጆይስ መጻሕፍቱን አንብቦ አደነቀለት፤ ተማሪውም ውሎ አድሮ ኢታሎ ዝቬቮ በሚለው የብዕር ስሙ ከጣሊያን ታላላቅ ደራስያን አንዱ ሆነ። ግዴለሽ ነው የተባለ መምህርም ተማሪውን ልብ ብሎ ሲያይ የሚሆነው ይህ ነው። ግን ያን እንዲያደርግ የጠየቀው ውል አልነበረም።

ሆርንቢና ጆይስ ከሥራው ሁለት ገጽታዎች ጋር ያስተዋውቁናል። አንደኛው ገጽታ ምርምርና ኃላፊነት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ተተኪ ሠራተኛ መሆን። ዘርፉ እስከ ዛሬ ሁለቱንም ተሸክሞ ይሄዳል።

ምን ቢያሟላ ሙያ ይባላል?

ስለ ሙያዎች የሚያጠኑ ሰዎች አንድን ሥራ የሚመዝኑባቸው ጥያቄዎች አሏቸው። ሌላው ሰው የሌለው የተለየ ዕውቀት ይጠይቃል ወይ? የሚገባውን የሚፈትን፣ ያጠፋውን የሚያግድ አካል አለው ወይ? ባለሙያው በሥራው ላይ ራሱ ይወስናል ወይ? የእንግሊዝኛ መምህርነት የመጀመሪያውን በሚገባ ያልፋል። ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸ ጥናት አለው። ሆርንቢ ራሱ የመጀመሪያ አዘጋጁ የሆነበት የመምህራን መጽሔት ከ1946 ጀምሮ ይታተማል። በአሜሪካ ቲሶል የተባለው የመምህራን ማኅበር በ1966፣ በብሪታንያ አያቴፍል የተባለው በ1967 ተመሥርተዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ሥራው ይወድቃል። ከእነዚህ ማኅበራት አንዳቸውም ማንንም ከክፍል ሊያስወጡ አይችሉም፤ መዋጮ የከፈለ ሁሉ አባል ነው። ሦስተኛው የሚወሰነው በአሠሪው ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ለመግቢያ የሚያገለግለው የታወቀው ወረቀት ሴልታ ይባላል። መነሻው ጆንና ብሪታ ሄይክራፍት የተባሉ ባልና ሚስት በ1962 ለንደን ላይ የጀመሩት አጭር ሥልጠና ነው፤ ዛሬ የሚሰጠው በካምብሪጅ ስም ነው። በሙሉ ጊዜ ለሚማር 4 ሳምንት ይወስዳል። 120 ሰዓት ትምህርት፣ ከዚያ ውስጥ 6 ሰዓት እየታዩ ማስተማር አለው። ስለ ሥልጠናው በሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ስለሆነ፣ ውስጡ ምን እንደሚመስል ጥቂት ላሳይ።

አንዱ ሠልጣኝ በነጻ ለመማር የመጡ እውነተኛ ተማሪዎችን ያስተምራል። ሌሎቹ ሠልጣኞች ከኋላ ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ አሠልጣኙም ጥግ ይዞ ይመለከታል። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም ይሰበሰባሉ። አሠልጣኙ «በእነዚያ ዐሥር ደቂቃዎች ውስጥ ያወራው ማን ነበር?» ብሎ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ መልሱ «እኔ» ነው። ሠልጣኙ ጥሩ ያስረዳ መስሎት ዘጠኙን ደቂቃ ብቻውን ተናግሯል፤ ተማሪው አፉን አልከፈተም። ሌላው የሚነሣው «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኛም አገር የተማርን ሁሉ መልሱን እናውቀዋለን። የገባውም ያልገባውም አንድ ላይ «አዎ!» ይላል። ሴልታ ሌላ መንገድ ያስተምራል። ሰሌዳው ላይ «ድሮ ሲጋራ ያጨስ ነበር» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ መምህሩ «ዛሬ ያጨሳል?» ይላል፤ ቀጥሎ «በፊትስ? አንድ ቀን ብቻ ነው ወይስ ብዙ ጊዜ?» ይላል። መልሱን የሳተ ተማሪ ያልገባው መሆኑ በግልጽ ይታወቃል። ትንሽ ብልሃት ናት፤ ግን የመምህሩን ዓይን ከራሱ አንሥታ ተማሪው ላይ ታሳርፋለች። ይህን ያገኘ ሠልጣኝ ብዙ ነገር አግኝቷል።

ቢሆንም 6 ሰዓት 6 ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ መምህር ክፍል እስኪረከብ በዓመታት የሚቆጠር ሥልጠና ያልፋል፤ ወረቀቱን የያዘው ሰው ግን በሁለተኛው ወር ሌላ አህጉር ላይ ራሱን ችሎ ክፍል ይረከባል። ሴልታን ለመጀመሪያነት እወደዋለሁ፤ ለመጨረሻነት ሲያዝ ግን ተማሪውን ይበድላል።

ቢል ጆንስተን የተባለ ምሁር በ1997 በወጣ ጥናቱ ፖላንድ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ 17 መምህራንን አነጋግሮ ነበር፤ ከመካከላቸው ፖላንዳውያንም የውጭ ሰዎችም አሉ። የሕይወት ታሪካቸውን ሲነግሩት እንደ ሐኪም ወይም እንደ መሐንዲስ «ተማርኩ፣ ተሾምኩ፣ አደግኩ» ብሎ የሚወጣ ደረጃ አላገኘበትም። ወደ ማስተማር የገቡት በአጋጣሚ፣ የቆዩትም ሁኔታው ስላቆያቸው ነው። ጥናቱ ርእሱ ላይ «የእንግሊዝኛ መምህራን ዕድገት ያለው የሥራ ሕይወት አላቸውን?» ብሎ ነበር የጠየቀው። መምህራኑን ሰነፍ አላላቸውም። ስለ ሥራቸው የሚያወሩበት መንገድ የሥራው ሁኔታ የሰጣቸው መንገድ መሆኑን ነው ያሳየው። እኔም ከዚህ ጥናት የምይዘው ይህንኑ ነው፤ ሰው የራሱን ሙያ የሚያይበት ዓይን በውሉ፣ በመኖሪያ ፈቃዱና በክፍል ውስጥ ባለው ቦታ ይቀረጻል።

ከጃፓናዊው መምህር ጎን

ለዚህ ከጃፓን የበለጠ ግልጽ ማሳያ የለም። የጃፓን መንግሥት በ1987 ጄት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ 848 ወጣቶች መጡ፤ በ2002 ቁጥራቸው ከ6,000 በላይ ደረሰ። ለመግባት የሚያስፈልገው በማንኛውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ የመምህርነት ሥልጠና ግዴታ አይደለም። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ቢበዛ እስከ 5 ዓመት። ዓላማውም ከቋንቋው እኩል የሕዝብ ለሕዝብ መቀራረብ ነው። አብዛኞቹ የሚይዙት ቦታ የረዳት ቋንቋ መምህርነት ነው። በጃፓን ሕግ ክፍሉን የሚመራው ፈቃድ ያለው መምህር ስለሆነ፣ ረዳቱ አጠገቡ ቆሞ ይሠራል።

ይህ ጎን ለጎን መቆም በሁለት መልክ ይታያል። በመጥፎው ቀን ጃፓናዊው መምህር በጃፓንኛ ሰዋስው ያስረዳል፤ ረዳቱ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ «አንብብ» ሲባል ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ያነባል፤ ተማሪዎቹ ይደግማሉ፤ ተመልሶ ይቆማል። ረዳቶቹ ራሳቸው ይህን «ሰው ሆኖ የመጣ ቴፕ» ይሉታል። በጥሩው ቀን ሁለቱ አስቀድመው ተቀምጠው ያቅዳሉ። ጃፓናዊው መምህር ተማሪዎቹ የት እንደሚደናቀፉ ያውቃል፤ በራሱ አልፎበታልና። ረዳቱ ደግሞ ሰው በዕለት ተዕለት ንግግሩ ያን ነገር እንዴት እንደሚለው ያውቃል። ክፍሉ ፊት ሁለቱ ሲነጋገሩ፣ ሲጠያየቁ፣ አንዱ ሌላውን ሲያርም ተማሪው ቋንቋው በሰው መካከል ሲሠራ ያያል። ያኛው ቀንና ይህኛው ቀን የሚለዩት ከትምህርቱ በፊት በምትገኝ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ነው።

በብዙ ከተሞች ይህቺን ሰዓት የሚወስዳት ደግሞ ውል ነው። የአካባቢ ትምህርት ቢሮዎች ወጪ ለመቀነስ ረዳቶችን በግል ድርጅቶች በኩል መውሰድ ጀመሩ። ከውሎቹ አንዱ ዓይነት የሥራ ኮንትራት ነው። ቢሮው ሠራተኛ አይቀጥርም፤ «አገልግሎት» ይገዛል። በጃፓን የሠራተኛ ሕግ መሠረት እንዲህ ባለው ውል ለረዳቱ ትእዛዝ መስጠት የሚችለው ድርጅቱ ብቻ ነው። ጃፓናዊው መምህር ክፍል ውስጥ ዞር ብሎ «እስኪ ያንን ቡድን እርዳልኝ» ካለው፣ ሕጉ የሚከለክለውን አድርጓል፤ ውሉ የውሸት ኮንትራት ነው ሊባል ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ድርጅቶች መምህሩና ረዳቱ በትምህርቱ መካከል እንዳይመካከሩ ይከለክላሉ። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ተማሪ ፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች ስለዚያ ተማሪ መነጋገር አይፈቀድላቸውም። እንዲህ ባለ ቦታ መምህሩ ስለ ሙያ ሲጠየቅ «ሰዓት ማክበር፣ ክራቫት ማሰርና ፈገግ ማለት» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። የቀረለት እሱ ብቻ ነው።

የፓስፖርቱ ጉዳይ

ደቡብ ኮሪያ በውጭ ቋንቋ መምህርነት በምትሰጠው ቪዛ እንግሊዝኛ ለማስተማር በአጠቃላይ የ7 አገሮችን ዜጎች ነው የምትቀበለው፤ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ። ዲግሪው በማንኛውም ዘርፍ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ የተማረ፣ በእንግሊዝኛ ማስተማር ሁለተኛ ዲግሪ ያለው፣ ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው በዚህ በር አይገባም። በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ፣ ክፍል ገብቶ የማያውቅ የካናዳ ወጣት ግን ይገባል። አሜሪካ ያደጉ የእኛ ልጆች ፓስፖርቱ አላቸው፤ ነገር ግን በምሥራቅ እስያ ብዙ ማስታወቂያዎች ከማመልከቻው ጋር ፎቶግራፍ ይጠይቃሉ። ጥቁር መምህራንም ፎቶው ከተላከ በኋላ መልሱ እንደሚቀየር ደጋግመው ተናግረዋል።

ሃንጋሪያዊው ፔተር ሜድጌሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ ጀርባ ያለውን፣ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ መምህር ይበልጣል የሚለውን አመለካከት በግልጽ ሞገተ። በእንግሊዝኛ አፉን ያልፈታ መምህር የራሱ ብርታት አለው አለ። ቋንቋውን ተምሮ ስላወቀው መማሪያ ዘዴውን ሊያካፍል ይችላል፤ ተማሪው የት እንደሚሰናከል አስቀድሞ ያያል፤ የተማሪውን ቋንቋ ሲያውቅ ደግሞ በሁለት ቃል የሚያልቀውን ነገር በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ቲሶል በ2006 በትውልድ ቋንቋ ምክንያት መምህራንን ማግለልን የሚቃወም የአቋም መግለጫ አወጣ። አድሪያን ሆሊዴይ የተባለው ብሪታንያዊ ምሁር በበኩሉ «አፉን የፈታበት ብቻ» የሚለውን አስተሳሰብ እንደ ርዕዮተ ዓለም ቆጥሮ ተችቶታል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የራሱ ምስክር አለው። በንጉሡ ዘመንና ከዚያም በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ህንዳውያን መምህራን ብዙ ነበሩ፤ ኬረላ ከተባለው ግዛት የመጡት በተለይ። ቋንቋቸው ማላያላም፣ ሒንዲ ወይም ታሚል ነበር። ሒሳብም ሳይንስም እንግሊዝኛም አስተምረዋል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጥራዝ በቀይ እየመረመሩ የሚመልሱ፣ የማይቀሩ፣ የማያረፍዱ መምህራን አድርገው ያስታውሷቸዋል። አነጋገራቸው ለጆሮ አዲስ ነበር፤ ተማሪው ግን ለመደው፤ ተማረበትም።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት መምህርም መጣ። በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት ኢትዮጵያ ገቡ፤ አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተመደቡ። የሰለጠኑት በአንድ ክረምት፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ብዙዎቹም ከኮሌጅ የወጡ ገና ወጣቶች ናቸው። በእነርሱ ምክንያት ክፍሎች ተከፍተዋል፤ እንዳይማር የተፈረደበት ብዙ ልጅ ተምሯል። የማስተማር ልምዳቸው ግን ከሁለት ዓመት አያልፍም ነበር፤ ሥራው ሲገባቸው የመሄጃቸው ጊዜ ይደርሳል። ለልጆቹ የነበራቸው ፍቅር እውነተኛ መሆኑን የሚጠራጠር አላጋጠመኝም። ፍቅርና ሙያ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መናገር ውለታቸውን መካድ አይደለም።

ማን ይወስን?

የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ምሁር ኮንስታንት ልዩንግ በ2009 ሁለት ዓይነት ሙያተኛነትን ለየ። አንደኛው ከላይ የሚሰጥ ነው። መንግሥት፣ አሠሪ ወይም ማኅበር «ጥሩ መምህር ይህን ያሟላል» ብሎ ዝርዝር ያወጣል፤ መምህሩም ያንን ያሟላል። ሁለተኛው ከራሱ ከመምህሩ የሚመጣ ነው። መምህሩ የተሰጠውን ዝርዝር ራሱ መርምሮ፣ ለፊቱ ላሉት ተማሪዎች ይበጃል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ካልበጀም ለመለወጥ ይንቀሳቀሳል። ሆርንቢ ሥነ ጽሑፉን ወደ ጎን ብሎ ቋንቋውን ሲያስተምር ያደረገው ሁለተኛውን ነው።

በሰው አገር ያለ መምህር ግን ይህን ለማድረግ ጉልበት ይጎድለዋል። ቪዛው ከአሠሪው ጋር ታስሯል፤ ቤቱ ብዙ ጊዜ የአሠሪው ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በጥቅምት 2007 ጃፓን ላይ ታየ። ኖቫ የተባለው የአገሪቱ ትልቁ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ኩባንያ ሲከስር በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መምህራን ያለ ደመወዝ ቀሩ። ኩባንያው የቤት ኪራይ ከደመወዛቸው ቆርጦ ለአከራዮቹ ሳይከፍል ስለቆየ ከቤት የተባረሩም ነበሩ። አንድ የሠራተኛ ማኅበር መምህራኑ ለምግብ ብለው የሚያስተምሩበትን መንገድ አመቻቸ። የሚገርመው፣ ክፍያቸውን አስቀድመው ከፍለው ገንዘባቸው የቀለጠባቸው ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ትምህርቱን መቀጠላቸው ነው። በዚያ ሰዓት ፈታኝ የለም፣ አሠሪ የለም፣ ደንብ የለም፤ የሚያስተምርና የሚማር ሰው ብቻ ነበር።

በደቡብ ኮሪያ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ በውጭ ቋንቋ መምህርነት ቪዛ የሚገቡ ሰዎች የኤች አይ ቪና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ኮሪያውያን መምህራንና ከውጭ የመጡ በዘር ኮሪያውያን ግን አይጠየቁም ነበር። አንዲት ኒውዚላንዳዊት መምህርት ሥራ ስትጀምር አንድ ጊዜ ተመርምራ ነበር፤ ውሏ ሊታደስ ሲል በ2009 ድጋሚ ተመርመሪ ስትባል እምቢ አለች። ልጆችን በማስተማር ችሎታዋ ላይ የቀረበባት ነገር የለም፤ ውሏ ግን አልታደሰም። ዝም ብላ ወደ አገሯ መመለስ ትችል ነበር፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ያንን ነው። እሷ ግን ጉዳዩን ይዛ እስከ የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ አስወጋጅ ኮሚቴ ድረስ ሄደች። ኮሚቴው በ2015 ፈረደላት፤ ምርመራው የሕዝብን ጤና የሚጠብቅ ሳይሆን በዘር የሚለይ ነው አለ፤ ካሣ እንዲከፈላትም ጠየቀ። ደቡብ ኮሪያ በ2017 ለእንግሊዝኛ መምህራን የኤች አይ ቪ ምርመራ ግዴታውን አነሣች።